ከኋላ የሚመጣውን ማን ያያል? ድንኩ ፋሮና ተሰባሪዋ የባሕር ኮከብ

በአፍሪካ ሣር ምድር የሚኖረውን ድንክ ፋሮ በባሕር ወለል ድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ከምትውለው ተሰባሪ የባሕር ኮከብ ጋር ማነጻጸር ለብዙዎች ትርጉም የለሽ ሊመስል ይችላል። አንዱ ፀጉር የለበሰ፣ ሞቃት ደም ያለው፣ ግልገሎቹን የሚያጠባ ሥጋ በል ነው፤ ሌላዋ አንጎልም ሆነ ፊት የሌላት፣ በቀጫጭን ክንዶቿ እየተንፏቀቀች የምትሄድ ፍጡር ናት። እኔ ግን ስለ ሁለቱ በማነብበት ጊዜ ሁሉ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። ትንሽ የሆነ፣ ጠላቱ የበዛ፣ ምግቡን ለማግኘት ግን የግድ ከመሸሸጊያው ብቅ ማለት ያለበት እንስሳ በሚበላበት ሰዓት ራሱን የሚጠብቀው እንዴት ነው? ሁለቱ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ እጅግ የተራራቀ በመሆኑ፣ የአንዱን ስመለከት የሌላው ይበልጥ ይገባኛል።

ድንኩ ፋሮ በአፍሪካ ከሚኖሩ ሥጋ በል አጥቢዎች ሁሉ ትንሹ ነው። ያደገው ከ210 እስከ 350 ግራም ይመዝናል፤ ጅራቱ ሳይቆጠር የገላው ርዝመት ከ18 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ቁጥቋጦና ግራር ባለበት ሣር ምድር ይገኛል። በ1904 ለሳይንስ የተዋወቀውና በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ብቻ የሚታወቀው ጠጉራሙ ዘመዱ ደግሞ እስካሁን ብዙም አልተጠናም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ በሰፊው ስለተጠናው ዝርያ ነው። ፋሮው በቀን ይሠራል፣ በሌሊት ይተኛል። የሚያድረውም አብዛኛውን ጊዜ በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው፤ በኩይሳው የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች ገብቶ ይሸሸጋል፣ ጠዋትም ወጥቶ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ መንጋው አንድ ላይ ለምግብ ፍለጋ ይሰማራል። የሚበላው ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ምስጥ፣ ጊንጥ፣ አልፎ አልፎም እንሽላሊትና አይጥ ነው።

ይህን ምግብ የሚያገኘው አፈር በመጫርና ቅጠል በመገልበጥ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ፋሮው ጥንዚዛ ሲፈልግ አፍንጫው ከመሬት ተጣብቋል፣ የፊት እግሮቹ አፈሩን ወደ ኋላ ይበትናሉ፣ ዓይኖቹም ከጉድጓዱ አፋፍ በታች ናቸው። በዚያች ቅጽበት ከሰማይ የሚወርድ ጭልፊት ቢኖር ሊያየው አይችልም። ፊት ያለው እንስሳ ሁሉ ኋላ አለው፤ አፉና ዓይኑ በአንድ አቅጣጫ የተሰበሰቡለት ፍጡር በሚበላበት ጊዜ ቀሪውን ዓለም ለአደጋ ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ትልልቅ እንስሳት ይህን ጉድለት በጉልበታቸው ሊያካክሱት ይችሉ ይሆናል፤ 300 ግራም የሚመዝን ፍጡር ግን ያ አቅም የለውም።

የፋሮው መልስ ጥበቃውን ለሌላ መስጠት ነው። መንጋው ሲመገብ አንዱ ኩይሳ፣ ጉቶ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ዘብ ይቆማል። ዘብ የቆመው እንስሳ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ለስለስ ያለ አጭር ድምፅ በየጊዜው ያሰማል፣ ይህ ድምፅም ከታች ላሉት «እዚህ ነኝ፣ እያየሁ ነው» የሚል መልእክት ያደርሳል። ድምፁን የሚሰሙት ፋሮዎች ቀና እያሉ ዙሪያቸውን የሚቃኙበትን ጊዜ ቀንሰው በመጫሩ ላይ ያተኩራሉ። አደጋ ሲመጣ የሚሰማው ጩኸት ደግሞ ሌላ ነው፤ አደጋው ከሰማይ መምጣቱን ወይም በምድር መሆኑን የሚለይ በመሆኑ፣ መንጋው እንደ ጩኸቱ ዓይነት ወደ ጉድጓድ ይገባል ወይም ቀጥ ብሎ ይቃኛል።

ዘብ መቆም ዋጋ ያስከፍላል፤ ዘቡ በዚያ ሰዓት አይበላም፣ ከፍ ብሎም ስለሚቆም ለጠላት ይበልጥ ይጋለጣል። ታዲያ ለምን ይቆማል? ጁሊ ከርንና አንድሪው ራድፎርድ በደቡብ አፍሪካ በዱር ፋሮዎች ላይ ያደረጉትና በ2018 የታተመው ጥናት ለዚህ የሚያስደስት ፍንጭ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የአንዱን ፋሮ የዘብ ድምፅ ቀድተው ቀኑን ሙሉ በድምፅ ማጉያ በማሰማት፣ ያ ፋሮ ከወትሮው በላይ ዘብ የቆመ አስመሰሉ። ማታ መንጋው ወደ ማደሪያው ሲመለስ ሌሎቹ ያንን ፋሮ ከሌላው ጊዜ አብልጠው ቀመሉት። ውለታው የተመለሰው በዚያው ቅጽበት ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ነበር፤ ይህ ማለት እያንዳንዱ ፋሮ አፈር እየጫረም ቢሆን ማን እየጠበቀው እንደ ዋለ በጆሮው ይከታተላል፣ እስከ ማታም አይረሳም ማለት ነው። ስለዚህ እንስሳ ካነበብኩት ሁሉ እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የጥበቃው መረብ ከራሱ ዝርያም ያልፋል። አን ራሳ የተባሉት ተመራማሪ በኬንያ ታሩ በረሃ ያዩትንና በ1983 ያሳተሙትን መጥቀስ ይገባል። በዚያ ምድር የኤርኩም ዘመድ የሆኑ፣ ዛፍ ላይ የሚያድሩ፣ ምንቃራቸው ትልቅና ቆልማማ የሆነ ትንንሽ ወፎች ጠዋት ጠዋት የፋሮዎቹ ኩይሳ አጠገብ መጥተው ይጠብቃሉ። መንጋው ከዘገየ ይጮኹና ያስነሡታል። ፋሮዎቹ ሲሰማሩ ወፎቹ አብረው እየተራመዱ ከሣሩ የሚፈናጠሩትን ፌንጣዎች ይለቅማሉ፤ በምላሹም ጭልፊት ሲያዩ ያስጠነቅቃሉ። እጅግ ልብ የሚባለው ነገር፣ ወፎቹ የሚያስጠነቅቁት ለራሳቸው ስለሚያሠጓቸው ጭልፊቶች ብቻ አለመሆኑ ነው፤ እነርሱን ፈጽሞ የማይነኩ፣ ፋሮን ብቻ የሚያጠቁ አሞሮች ሲመጡም ይጮኻሉ። ወፎቹ በሚገኙበት ቀን ፋሮዎቹ የሚያቆሙት ዘብ ያንሳል፤ ወፎቹ በቀሩበት ቀን ደግሞ ለመሰማራት ያመነታሉ። እንግዲህ አንድ ፋሮ በሚጭርበት ሰዓት የሚያዩለት ዓይኖች የራሱ አይደሉም፤ የእኅቱ፣ የአጎቱ፣ አንዳንዴም የወፍ ናቸው።

ወደ ባሕሩ ስንወርድ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ተሰባሪ ኮከቦች ከባሕር ኮከብ፣ ከባሕር ጃርትና ከባሕር ኪያር ጋር በአንድ ክፍለ ስፍን የሚመደቡ ሲሆን ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፤ ከባሕር ዳርቻ ኩሬ አንሥቶ ከ6,000 ሜትር በላይ ጥልቀት እስካለው ወለል ድረስ ይገኛሉ። የገላቸው ማዕከል ክብ ገበታ ሲሆን በብዙዎቹ ዝርያዎች ስፋቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ከእርሱ ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ክንዶች ይወጣሉ። አፋቸው ከገበታው ሥር ነው፤ ሌላ መውጫ ስለሌላቸው የምግቡ ዝቃጭ የሚወጣውም በዚያው በአፋቸው ነው። አንጎል የላቸውም፤ አፋቸውን የከበበ የነርቭ ቀለበትና ከእርሱ ወደየክንዱ የሚዘልቁ የነርቭ ገመዶች ብቻ አሏቸው።

ክንዳቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ከውጭ ሲታይ በቅርፊትና በጥቃቅን እሾሆች የተሸፈነ ነው፤ በውስጡ ግን የጀርባ አጥንታችንን አንጓዎች የሚመስሉ የኖራ አጥንቶች እርስ በርስ ተጋጥመው ከሥር እስከ ጫፍ ተደርድረዋል። በየአንጓው መካከል ጡንቻ አለ፤ ስለዚህ ክንዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ እንስሳዋን ይገፋል፣ ምግብም ሲያገኝ በላዩ ተጠምጥሞ ወደ አፍ ያንከባልላል። ሄንሪ አስትሊ በ2012 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ተሰባሪዋ ኮከብ ስትሄድ አንዱ ክንድ ወደ ፊት ይመራል፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ሁለቱ ይቀዝፋሉ። አቅጣጫ መቀየር ሲያስፈልጋት ግን ገላዋን አታዞርም፤ መሪነቱን ለሌላ ክንድ ትሰጣለች እንጂ። ስለዚህ ፋሮውን ያስጨነቀው የኋላ ችግር ለእርሷ የለም። የትኛውም ጎኗ በፈለገች ጊዜ ፊት ይሆናል።

ማየትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። በካሪቢያን ባሕር ኮራል ድንጋዮች መካከል የምትኖር ኦፊዮማስቲክስ ዌንድቲ የተባለች ዝርያ አለች፤ ቀን ቀን ጥቁር ቀይ ቡናማ ትሆናለች፣ ሌሊት ደግሞ ቀለሟ ይገረጣል። ጥላ ሲያርፍባት ቶሎ ወደ ስንጥቅ ትሸሻለች። በ2001 ጆዋና አይዘንበርግና ባልደረቦቿ በዚህች ኮከብ ክንዶች ላይ የተደረደሩት፣ ካልሳይት ከተባለ የኖራ ማዕድን የተሠሩ ጥቃቅን ጉብታዎች እንደ ሌንስ ብርሃንን እንደሚሰበስቡ ጠቁመው ነበር፤ ሐሳቡ ውብ ስለነበር ገላዋ በሙሉ ዓይን የሆነ እንስሳ ተገኘች የሚለው ወሬ በሰፊው ተሰራጨ። ከዓመታት በኋላ ሎረን ሳምነር-ሩኒና ባልደረቦቿ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ የት እንዳሉ በጥንቃቄ ሲፈልጉ፣ ከጉብታዎቹ ሥር ሳይሆን በጉብታዎቹ መካከል ባለው ቆዳ ውስጥ በሺዎች ተበትነው አገኟቸው። ይህ በ2018 ታተመ። እንዲህ ከሆነ የሌንሱ ሐሳብ አይሠራም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማየቷ አልተሻረም። በ2020 ይኸው ቡድን ባሳተመው ሙከራ፣ ኮከቦቹ ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ምስል ባለበት ክብ ገንዳ መካከል ሲቀመጡ ወደ ጥቁሩ ምስል ይሄዱ ነበር፤ የግድግዳው አጠቃላይ የብርሃን መጠን እኩል እንዲሆን ስለተደረገ፣ የብርሃን ማነስን ብቻ ተከትለው ነው ሊባል አይችልም። ቀለማቸው በገረጣበት ሁኔታ ግን ይህን ችሎታ ያጡ ነበር። ምክንያቱ በሕዋሳቱ ዙሪያ ያለው ቀለም ነው፤ ቀን ላይ ቀለሙ ሲዘረጋ ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ ብርሃን የሚገባበትን አቅጣጫ ያጠብባል፣ በዚህም እንስሳዋ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ትለያለች። ቀለሟን የማትለዋውጥ የቅርብ ዘመዷ ተመሳሳይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ቢኖሯትም ምስል መለየት አልቻለችም። የመጀመሪያው ማብራሪያ ይማርክ እንደነበር አልክድም፤ ለእኔ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ማየት የሚቻለው በዓይን ብቻ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

እንግዲህ ንጽጽሩ ያለው እዚህ ነው። ፋሮው ሁለት ጥሩ ዓይኖች አሉት፣ ግን አይበቁትም፤ ስለዚህ ጥበቃው በብዙ ገላዎች ላይ ይበተናል። ኮከቧ አንድም ዓይን የላትም፤ ጥበቃዋ በአንድ ገላ ላይ ተበትኗል። በሁለቱም ዘንድ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ጠባቂ ለትንሽ እንስሳ አያስተማምንም። ልዩነቱ፣ ፋሮው ያላየውን ለማወቅ መስማትና ማመን ይኖርበታል፤ ኮከቧ ግን መልእክቱ የሚደርሳት በራሷ ነርቭ ስለሆነ ማንንም ማመን አያስፈልጋትም። የፋሮው ድምፅ፣ መቀማመሉ፣ ማታ ማታ የሚከፈለው ውለታ፣ ይህ ሁሉ የመጣው መተማመን ሳይንከባከቡት ስለማይዘልቅ ይመስለኛል።

ጥበቃው ሳይሳካ ሲቀርስ? ኮከቧ ክንዷ ከተያዘ ትለቀዋለች። በአንጓዎቹ መካከል ያለው፣ ኮላጅን ከተባለ የገላ ክር የተሠራው ማያያዣ በነርቭ ትእዛዝ ጥንካሬውን በቅጽበት ሊያጣ የሚችል ልዩ ሥሪት ስላለው፣ ክንዱ የሚበጠሰው ጠላት ጎትቶ ስለቀደደው ሳይሆን እርሷ ራሷ ስለፈታችው ነው። የተቆረጠው ክንድ እየተወራጨ የጠላትን ትኩረት ሲይዝ እርሷ ታመልጣለች፤ ከሳምንታትና ከወራት በኋላም አዲስ ክንድ ይበቅላል። በሰሜን ባሕር ጭቃ ውስጥ ገበታዋን ቀብራ ክንዶቿን ብቻ ወደ ውሃው የምትዘረጋ አምፊዩራ ፊሊፎርሚስ የተባለች ዝርያ አለች፤ ዓሣዎች የክንዶቿን ጫፍ እየቀነጠሱ ይበላሉ፣ እርሷም መልሳ ታበቅላለች። ከዚያም አልፎ የላይኛውን ገበታቸውን ከሆድ ዕቃቸው ጋር ጥለው መልሰው የሚያበቅሉ ዝርያዎች አሉ። ፋሮው ከገላው የሚጥለው ነገር የለውም። ጭልፊት ከያዘው አለቀለት፤ የሚተርፈው መንጋው ነው፣ የጎደለውንም መንጋው በግልገልና ከሌላ መንጋ በሚመጣ እንግዳ ይተካል።

መንጋው ራሱን የሚተካበት መንገድም የተለየ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው የበላይ የሆነችው ሴት ናት፤ ሌሎቹ ግልገሎቹን ይጠብቃሉ፣ ጥንዚዛ ያመጡላቸዋል፣ አንዳንድ ያልወለዱ ሴቶችም ወተት አግተው ያጠቧቸዋል። ከዚህ ጋር የምትነጻጸር አንዲት ጥቃቅን ኮከብ አለች፤ ስሟ አምፊፎሊስ ስኳማታ ነው። ገበታዋ ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ወንድም ሴትም ናት፣ በጨለማም ክንዶቿ ብርሃን ይሰጣሉ። አብዛኞቹ ዘመዶቿ እንቁላላቸውን ወደ ውሃው ሲለቁ፣ እርሷ ግን ጽንሶቿን ለመተንፈሻ በሚያገለግሏት ከረጢቶች ውስጥ ትይዛቸዋለች፣ እዚያም ምግብ ትሰጣቸዋለች፤ የሚወጡት ትንንሽ ክንዶቻቸው ተሟልተው በራሳቸው መሄድ ሲችሉ ነው። እናትነት ፀጉርና ጡት ካለው ገላ ውጭም እንዲህ በቅርብ ይገኛል።

ዝምድናቸውም ከሚታሰበው የቀረበ ነው። ፋሮው በየቀኑ የሚበላቸው ጊንጥና ጥንዚዛ አጠገቡ የሚኖሩ ጎረቤቶቹ ቢሆኑም፣ በዘር ሐረግ ግን ለፋሮው ከእነርሱ ይልቅ የምትቀርበው ኮከቧ ናት። አጥቢዎችና ባለ እሾህ ቆዳ የባሕር እንስሳት ጽንሳቸው ሲያድግ መጀመሪያ የሚከፈተው ቀዳዳ የኋላ መውጫ የሚሆንበት፣ አፍ በኋላ የሚፈጠርበት አንድ ትልቅ ወገን አባላት ናቸው፤ የጋራ ቅድመ አያታቸውም ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበረ ነው። የብዙ ተሰባሪ ኮከቦች እጭ ግራና ቀኝ ያለው ሆኖ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ባለ አምስት ክንድ የሚሆነውም በኋላ ነው። ስለዚህ ፊትና ኋላ የሌለው ገላ መነሻዋ ሳይሆን፣ ትታው ከመጣችው ቅርጽ በኋላ የደረሰችበት ነው።

አንድ ነገር ግን ከማነጻጸር መጠንቀቅ ይገባል፤ ይኸውም ብዛትን ከማኅበር ጋር ማምታታት ነው። ኦፊዮትሪክስ ፍራጂሊስ የተባለችው ዝርያ በአውሮፓ ባሕሮች አንዳንድ ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከሺህ በላይ ሆና ትደራረባለች፤ ውሃው ሲፈጥንም ክንድ ለክንድ ተያይዘው እንዳይወሰዱ ይጸናሉ። በ2008 ከኒውዚላንድ በስተደቡብ በሚገኘው የማክዋሪ ሸንተረር አንድ የባሕር ውስጥ ተራራ አናት በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ተሰባሪ ኮከቦች ተሸፍኖ ተገኝቷል፤ ሁሉም ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፈጣኑ ጅረት የሚያመጣውን ምግብ ይለቅሙ ነበር። እንዲህ ባለው ስፍራ ብዛቱ ራሱ ይጠብቃቸዋል፤ ሆኖም አንዷ ለሌላዋ ዘብ የምትቆምበት፣ አንዷ የሌላዋን ውለታ የምትቆጥርበት ነገር በመካከላቸው አልታየም። አሥራ ሁለት ፋሮዎች ማኅበር ናቸው፤ አሥር ሚሊዮን ኮከቦች አይደሉም።

ይህ ማለት ግን ኮከቧ ምንም አታስታውስም ማለት አይደለም። በ2023 ጁሊያ ኖታርና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ኦፊዮኮማ ኤኪናታ የተባሉ ጥቋቁር ኮከቦች ብርሃኑ በጠፋ ቁጥር ብቻ የሽሪምፕ ቁራጭ ይሰጣቸው ነበር። ከወራት በኋላ እነዚህ ኮከቦች የምግቡ ሽታ ውሃው ውስጥ ሳይደርስ፣ ብርሃኑ ሲጠፋ ብቻ ከመሸሸጊያቸው መውጣት ጀመሩ፤ ምግብ በብርሃን የተሰጣቸው ሌሎቹ ይህን አላደረጉም። አንጎል በሌለበት፣ በአንድ የነርቭ ቀለበትና በአምስት ገመዶች ብቻ፣ ጨለማና ምግብ ተያይዘው ቆዩ። ፋሮው የሚያስታውሰው ማን እንደጠበቀው ነው፤ ኮከቧ የምታስታውሰው መቼ መውጣት እንደሚያዋጣት ነው። እያንዳንዱ ትውስታ ከባለቤቱ አጠባበቅ ጋር የሚስማማ ነው፤ ጥበቃዋን በገላዋ የተሸከመች እንስሳ የማንንም ማንነት መያዝ አያስፈልጋትምና።